ጫማህ ሐዋን መንገድ መሀል አቆማት

አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ክረምት አለፈ። አሶሳ ደህና ናት፤ ማንጎው አፍርቷል፣ ባጃጁም በዝቷል፤ የዓይነ ስውራን ተማሪዎችህን ክፍል እኔ ይዤዋለሁ። በቅርቡ አንድ ኮሚቴ ተሰብስቦ፣ በጥልቀት ተወያይቶ፣ ለልጆቹ ያለውን አክብሮት በደማቅ ቀለም ግድግዳው ላይ አጽፎልናል። ልጆቹ አንብበው እስኪጨርሱ እየጠበቅን ነው።

ሐዋን መቼም አትረሳትም፤ ብሬል ስታስጀምራት "ወረቀቱን ኩፍኝ ይዞታል እንዴ?" ያለችህን። አሁን ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ልብሷን ታጥባለች፣ ነጭ በትሯን ይዛ ግቢውን ትዞራለች። ባለፈው ሳምንት ግን እናቷ ከሸርቆሌ ልትወስዳት መጣች። "ወላሂ መምህርት፣ ባጃጅ ከሚበላት ቤቷ ብትቀመጥ ይሻላል።" ተከራክረን ተስማማን፦ ሐዋ ብቻዋን አስፋልቱን ተሻግራ ባሚያ ገዝታ ከተመለሰች ትማራለች፤ ካልሆነ የዚያኑ ቀን በሚኒባስ ወደ ቤት፣ ትምህርቱም አበቃ።

ሕግህ ያው ነው፤ አስተማሪ ከኋላ ይከተላል፣ አፉን ይዘጋል። የእኔ ጫማ ስለሚንቋቋ፣ ብልጥ ነኝና፣ ያንተን ሸራ ጫማ አጠለቅሁ፤ ተረከዙን ረግጠህ የጨረስከውን። አንዲት ቲማቲም ሻጭ የሐዋን ክንድ ልትጎትት ስትነሳ ገላመጥኳት። እዚህ ከባጃጅ ይልቅ የሚያስፈራው ደግ ሰው ነው፤ ሳይጠይቅ ወዳልፈለግሽው ማዶ ያሻግርሻል።

ሐዋ መሀል አስፋልት ላይ ቆመች። ዞረች።

"ጋሼ?" አለች።

ለካ ኮቴህን ስትሰማ ነበር! እኛ ዓይናማዎቹ ጫማህ ሸርተት ሸርተት ማለቱን እንኳ ልብ አላልንም። አንድ ባጃጅ እየተምዘገዘገ ነው። እናቷ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ራሷን ይዛለች። አንተ መንገድ ላይ ሲጠሩህ መልስ አትሰጥም ነበር፤ ዝም ካልክ "ራስሽ ወስኚ" ማለትህ ነው። እኔም እንዳንተ ልሆን ሞከርኩ። ባጃጁ ቁልቁል ሲመጣባት ግን አልቻልኩም፤ ልጮህ አፌን ከፈትኩ። በትሯ ቀደመኝ፤ ወደ ላይ ወጣ። ባጃጁ ሲጢጥ ብሎ ቆመ።

"አታዪም እንዴ!" አለ ሾፌሩ።

"አዎ፣ አላይም። አንተስ?" ብላው ተሻገረች።

ባሚያውን ይዛ ስትመለስ እናቷ "ጠውልጓል" ብላ ተቆጣች፤ ሚኒባሱ ላይ ግን ሐዋን ትታልን ብቻዋን ተሳፈረች። ሐዋ ጠጋ ብላ፣ "ቲቸር፣ የጋሼን ጫማ ሁለተኛ እንዳታደርጊ" አለችኝ።

ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት፣ አባዬ። አንተን የማስታውስህ ባስተማርከኝ መንገድ ይሆናል፤ ከኋላ ሆኜ፣ አፌን ዘግቼ። ሁለተኛው እንዴት እንደሚከብደኝ አንተ ታውቃለህ። ቢሆንም ቃሌ ነው።

ልጅህ