በአራሷ ፋንታ የመለስኩት

ኅዳር 14 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ዳባት አጠገብ። ሌሊቱን ውርጭ ሲጥል አድሮ አሁን ፀሐይ ወጥታለች። ወንዶቹ አጨዳ ላይ ናቸው። ቤት ያለነው እኔ፣ ልጅሽ ስንታየሁና የአሥራ ሁለት ቀን ልጇ ብቻ ነን።

እታለም፣ እህቴ፣ ከተለየሽኝ ሃያ ዓመት ሆነ። ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። ሱቅ ጨው የሚጠቀለልበትን ጋዜጣ እየሰበሰብኩ፣ ስንታየሁ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እየጠየቅኋት ለቃቅሜ ነው አሁን የምጽፍልሽ።

ልጆች ሳለን ሰው ስሜን ሲጠይቀኝ እንኳ የምትመልሺልኝ አንቺ ነበርሽ። እኔ ባንቺ ፋንታ የመለስኩት አንድ ቀን ብቻ ነው። ስንታየሁን በወለድሽ ሰሞን ለክትባት የሚዞረው ድሬሰር ደጃችን ቆሞ «አራሷ እንዴት ናት?» አለ። ጋቢ ደራርበንብሽ ትንቀጠቀጫለሽ። ምች ነው ብለን ዳማከሴ አሽተንሻል። ወንድ አራስ ቤት አይገባም፤ አራስን ታመመች ማለትም ሟርት ነው። «ደህና ናት፣ ማርያም ምራታለች» አልኩት። አመስግኖ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ቀበርንሽ። ይህን ለንስሐ አባቴም ተናግሬ አላውቅም።

ልጅሽ በሰላም ተገላገለች። በአራተኛው ቀን ግን ብርድ ብርድ አላት። አማቷ እትዬ ደብሬ ያንኑ ዳማከሴ ይዘው መጡ። ረፋድ ላይ ወጣቷ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደረሰች፤ ደህና ብትሆንም ባትሆንም የወለደችን ሁሉ ቤቷ ድረስ ሄዳ ማየት ሥራዋ ነው። እትዬ ደብሬ ደጃፉን ሞልተው ቆሙ።

«ደህና ናት ልጄ፣ ማርያም ምራታለች።»

ልጅቷ አሻግራ እኔን አየችኝ። እንደምታውቂው ሰው ፊት አፌ አይፈታም።

«ደህና አይደለችም» አልኩ። ድምፄ ጎልቶ ሲወጣ እኔው ደነገጥኩ።

«ኧረ ጉድ! ሃያ ዓመት ያልተነፈሰች ዛሬ በአራስ ላይ ታሟርት?» አሉ እትዬ ደብሬ።

«እህቴን ደህና ናት እያልኩ ነው የቀበርኳት» አልኳቸው።

ከደጃፉ ዞር አሉ።

ልጅቷ ገብታ የስንታየሁን ሙቀትና የደም ግፊት ለካች፣ ሆዷን ዳሰሰች፣ ስለሚፈሳት ደም ጠየቀቻት። «ይሸታል፤ አፍሬ ነው ያልተናገርኩ» አለች ስንታየሁ። ማሕፀኗ አመርቅዞ ኖሯል፤ ልጅቷ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ትሂድ አለች። ክርስትና ሳይደርስ አራስ ከቤት አትወጣም ሲሉ የኖሩት እትዬ ደብሬ የራሳቸውን ጋቢ አለበሷት፤ ክፉ እንዳይነካት ብለውም አሮጌ ማጭድ አስያዟት። ማጭዱን እንደ ጨበጠች ዳባት ጤና ጣቢያ ስትገባ ነርሷ «ልታጭጅን ነው እንዴ የመጣሽ?» ብላ ሳቀች።

አምስት ቀን መርፌ ተወጋች። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃትና «ራበኝ» አለችኝ። ወጥቼ ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ። ደረቴ ቀለለኝ፣ እታለም። ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ከትናንት ወዲያ ቤታችን ገባን። አልረሳሽም፤ ከእንግዲህ ግን የማስታውስሽ በለቅሶ አይደለም። ትናንት ጠዋት እሳት አያይዤ አጥሚቱን ጣድኩ፤ የሕፃኗን ጨርቅ አጥቤ አጥሩ ላይ አሰጣሁ። ከዚያም ማዶ መንደር አራስ ወዳለችበት ቤት ሄድኩ። ደጃፍ የተቀመጡት ሴቶች «ደህና ናት» አሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ አልፌያቸው ገባሁ፤ መደቡ ጫፍ ተቀምጬ እንዴት ነሽ ብዬ አራሷን ራሷን ጠየቅኋት። እስክትመልስልኝም ጠበቅሁ።