ጾም የገደፈው ምድጃ

ጋሻው፣

የላምባ ምድጃውን ፈትቼ ጠረግሁት። የፓምፑ ቆዳ ደርቆ ነበር፤ በየሳምንቱ ቅባው ብዬህ ነበር። ዘይት ስላጣሁ እናትህ ለፋሲካ ከላኩልህ ቅቤ ቀባሁት።

በጣም ትንሽ ነው።

ይቅርታ፤ ግን ፓምፑ እንዲህ ሠርቶ አያውቅም።

ችግሩ፣ ሲነድ ቤቱ ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ይሸታል። የንስሐ አባትህ ዛሬ ለምሳ እንደሚመጡ ትዝ ያለኝ ከቀባሁት በኋላ ነው። መስኮቱን ክፈት። ሽሮው የጾም ነው፣ የገደፈው ምድጃው ነው በላቸው።

አከራያችን ኣደይ ኣብርሄት ሽታው ጠርቷቸው መጡና፣ «ኣንታ ወደይ፣ ልጄ፣ አራት ዓመት ሮማ ስትማር ቆዳን ምራቅ እንደሚያለሰልሰው አልነገሩህም?» አሉኝ።

ሓዝሓዝ ሰፈር፣ እኅቴ ቤት ነኝ። አባ ከተቆጡ ጥፋቱ የእኔ ነው በል፤ ካልተቆጡ ምሳዬን አስቀምጥልኝ።

መንግስትኣብ