የመምህር ኃይሉ ሁለተኛ ቅጽ

ለተወደድከው ወንድሜ ለመስዑድ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ሰነበትክ? ሲያምህ የከረመው ወገብህስ ተሻለህ ወይ? ነጅዋ እንዴት ናት? ትንሹ ቡርሃን ጥርስ አወጣ? የጅዳ ሙቀት ዘንድሮስ እንዴት አድርጎ ይዟችኋል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማዬም ብርድ በነካት ቁጥር ጉልበቷን ከመርገሟ በቀር ደህና ናት። ዝናቡ በሰዓቱ ስለጣለ ከመሰላና ከቦኬ የሚመጣው ገበያተኛ ፊቱ ፈክቷል፤ የእኔም ፎቶ ኮፒ ቤት ሥራ አላጣም።

በየሳምንቱ በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ ምን አስፈለገ እንደምትል አውቃለሁ። ስንደዋወል እማዬ ከአጠገቤ አትጠፋም፤ መስመሩም ወሬው ሳያልቅ ይቆረጣል። ይህ ደግሞ ተቆራርጦ የሚነገር ነገር አይደለም። አብሮት ያለውን ወረቀት ፎቶ አንስቼ መላክ እችል ነበር፤ ግን በእጅህ እንድትይዘው ስለፈለግሁ ወደ ጅዳ በምትመጣው በጎረቤታችን በሳቢት ባለቤት እጅ ልኬዋለሁ።

ነገሩ የመምህር ኃይሉ ነው። ስማቸው ሲነሳ ወሬ ትቀይራለህ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነህ። ዛሬ ግን እባክህ እስከ መጨረሻው አንብብ።

ሰኔ ላይ አንድ ወፍራም መጽሐፍ በብብታቸው ይዘው ሱቄ መጡ። ሁለቱን ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኗቸው በሩን እንኳ በእጃቸው እየዳበሱ ነው የገቡት። መጽሐፉ አንተን ከፍተኛ ሒሳብ ያስተማሩበት የአናሊሲስ መጽሐፍ አንደኛ ቅጽ ነው። "ገጾቹን በትልቁ ወረቀት አሳድገሽ አንሺልኝ" አሉኝ። አራት ገጽ እንዳነሳሁ መብራት ጠፋ። ይሂዱ ማለት አፍሬ ወንበር ሰጠኋቸው። "እስኪመጣ ድረስ ለምን አታነቢልኝም?" አሉ። "እኔ እኮ ከአስረኛ ክፍል አላለፍኩም" ብላቸው፣ "አስረጂኝ አላልኩሽም፤ አንብቢልኝ ነው ያልኩሽ" አሉኝ።

እንግሊዝኛውን እንደምንም ተወጣሁት። ምልክቶቹ ጋ ስደርስ ግን ምን ላድርግ? "ወደ ኋላ የዞረች ሦስት ከዜሮ ትበልጣለች" ብዬ አነበብኩላቸው። ሳቃቸው ጎረቤት ድረስ ተሰማ። "እሷ ኤፕሲሎን ትባላለች። የፈለግሽውን ያህል አሳንሺያት፤ ዜሮ ብቻ እንዳታደርጊያት" አሉኝ። መብራቱ ከሁለት ሰዓት በኋላ መጣ። ሁለታችንም ከወንበራችን አልተነሳንም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዙሁር ሶላት በኋላ ሱቁ ጭር ሲል ይመጣሉ፣ እኔም አነባለሁ። ነሐሴ ሲጋመስ አንደኛውን ቅጽ ጨረስን። ሁለተኛውን ለማምጣት ቤታቸው ሄድኩ። መደርደሪያቸውን ታስታውሰዋለህ፤ ከሩሲያኛ የተተረጎሙት የፊዚክስ መጻሕፍት ጀርባቸው በፕላስተር ተለጣጥፎ አሁንም ተደርድረዋል። ከአናሊሲሱ ጎን ግን የአንድ መጽሐፍ ቦታ ባዶ ነው። "እሱን ለሚያነበው ሰው አውሼዋለሁ" አሉኝ። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺሐረግ ስትሸኘኝ በር ላይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ለወንድምሽ ነው የሰጡት። ቦታውን ሌላ መጽሐፍ እንዳንሞላበት ከልክለውናል" አለችኝ።

እንዴት እንዳፈርኩ አትጠይቀኝ። በልቤ አንተን እየወቀስኩ ገባሁና ለእማዬ ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ነበር። እጇ ቆመ። ሰፌዱን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች፣ ሣጥኗን ከፈተች፣ ከልብሶቿ ሥር በሻሽ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። መጽሐፉ ነበር።

"ያ ረቢ! እኔ ነኝ" አለች። መምህሩን እስካሁን በኦሮምኛ "በርሲሳ" እንደምትላቸው ታውቃለህ። "ሲሄድ ለበርሲሳ ስጪልኝ ብሎ በእጄ ሰጥቶኝ ነበር። ልጄን ከቤቱ ያስወጣው ይህ ወረቀት ነው ብዬ በንዴት ደበቅሁት። ንዴቱ ሲበርድልኝ ደግሞ በምን ዓይኔ ልያቸው?"

መጽሐፉ ውስጥ ለአራት የታጠፈ ወረቀትህ ነበር። አላነበብኩትም ብል ውሸት ነው። ከዩኒቨርሲቲ በመቀነስህ ይቅርታ ጠይቀህ፣ በጀርባው የሰጡህን መልመጃ ሠርተህ፣ "ትክክል ከሆነ በእናቴ በኩል መልስ ይላኩልኝ" ብለሃል። በመጀመሪያው ዓመት በደወልክ ቁጥር "ከበርሲሳ መልእክት የለም?" እያልክ ትጠይቅ እንደነበር እማዬ ያን ቀን ነገረችኝ። ከዚያ መጠየቁን ተውክ። ወንድሜ፣ ያን ሁሉ ዘመን ተቀይመውኛል ብለህ ኖረሃል። ወረቀትህ አልደረሳቸውም ነበር።

እኔ ልውሰደው ብል እማዬ እምቢ አለች። በዚያ ጉልበቷ ዳገቱን ወጣች፤ ከደረስን በኋላም ቁጭ በይ ብትባል አልቀመጥም አለች። "በርሲሳ፣ መጽሐፍዎን የደበቅሁት እኔ ነኝ። ልጄ ምንም አላጠፋም፤ ስጪልኝ ብሎኝ ነበር" አለች። መምህር ኃይሉ ከመቀመጫቸው ተነስተው መጽሐፉን ተቀበሉ፣ ጀርባውን በጣታቸው ዳሰሱት፣ ገለጥ አድርገው አሸተቱት። በመጨረሻ፣ "ወይዘሮ ሳጂዳ፣ ሌላ ቤት ገብቶ ቢሆን ኖሮ እስካሁን በርበሬ ተጠቅልሎበት አልቆ ነበር። እርስዎ በሻሽ ጠቅልለው አቆዩልኝ። ይቀመጡ እንጂ!" አሉ። እማዬ ተቀመጠችና አለቀሰች።

ከዚያ ወረቀትህን አንብቢልኝ አሉኝ። ይቅርታው ጋ ስደርስ እጃቸውን አነሱ፤ "እሱን እለፊው፣ ወደ ጀርባው ሂጂ" አሉ። ሥራህን ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። በሦስተኛው "ቁሚ! ማን ፈቀደለት?" ብለው ጮኹ። እማዬ ደነገጠች፤ ሌላ ጥፋት የተገኘብህ መስሏታል። ለካ ማለቂያ የሌለውን ድምር ቁራጭ በቁራጭ ኢንተግሬት ያደረግኸው፣ እንደዚያ ማድረግ መቻሉን ሳታረጋግጥ ኖሯል።

"መልሱ ትክክል ነው" አሉ ከዚያ፣ ፊታቸው በርቶ። "እኔ በሁለት ገጽ የምሠራውን በግማሽ ገጽ ጨርሶታል። ሦስተኛው መስመር ላይ ግን አንድ እርምጃ ዘሏል። ጻፊ።" እሳቸው ከጭንቅላታቸው እየተናገሩ እኔ ጻፍኩ። ኤክስ የትም ብትሆን ኤንኛው ቁራጭ አንድ ለኤን ስኩዌር ተካፍሎ ከሚገኘው አይበልጥም፤ የእነዚያ ድምር ደግሞ ወሰን አለው፤ ስለዚህ ድምሩ በሁሉም ቦታ እኩል ይታዘዝሃል፣ ቁራጭ በቁራጭ መሥራቱም ይፈቀድልሃል። ወረቀቱ ይኸው። የእጅ ጽሑፉ ክፋት የእኔ ነው። ሁለት ቀን ታግዬው ሲገባኝ ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ።

ለአንተ እንድጽፍልህ ያዘዙኝ ይህን ነው፦ "ዩኒቨርሲቲው ቀነሰው እንጂ እኔ አልቀነስኩትም።" ያኔውኑ ሊደውሉልህ ፈልገው ነበር፤ መጀመሪያ ደብዳቤው ይድረሰው ብዬ የለመንኳቸው እኔ ነኝ። አሁን ቁጥራቸውን ከወረቀቱ ግርጌ ታገኘዋለህ። ደውልላቸው።

መስከረም ላይ ልጃቸው ሮዳስ ሐረር ወስዳ አንድ ዓይናቸውን አሳከመቻቸው። ሞራው ወጥቶላቸው ያለ ከዘራ ሱቄ ድረስ መጡ። ደስ አለኝ፤ ንባባችን ግን ያበቃ መሰለኝ። "እንግዲህ ራስዎ ያነባሉ" አልኳቸው። "እኔማ አነባለሁ። ምዕራፍ ሰባትን ለአንቺ ማን ሊያነብልሽ ነው?" ብለው ወንበሩን ሳቡ። አሁን እሳቸው ያነባሉ፣ እኔ መልመጃውን እሠራለሁ፤ ሲሳሳትብኝ በተበላሸ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ጀርባ ላይ እንደገና እሞክራለሁ። ዘንድሮ በማታው ክፍለ ጊዜ አስራ አንደኛ ክፍል ተመዝግቤያለሁ። ከአንተ በፊት ለማንም አልነገርኩም።

እማዬን አትቆጣት፣ እሺ? ይህን ሁሉ ጻፊለት ያለችኝ ራሷ ናት።

ነጅዋን በጣም ናፍቃኛለች በልልኝ። ቡርሃንን ሁለቱን ጉንጩን ሳምልኝ። ሳቢትና ቤተሰቡ ሰላም ብለውሃል። ወይዘሮ የሺሐረግ ሰላም ብላሃለች፤ ሮዳስም ከአዲስ አበባ። እማዬ ሰላምታዋን በእኔ እጅ አላጽፍም ብላ ሦስት ቀን ስሟን ሳይሆን ስምህን መጻፍ ስትለማመድ ከረመች። ከዚህ በታች ያለው ትልቁ ጽሑፍ የእሷ ነው። "ዑ"ዋ ተንጋዳለች፣ ላስተካክልልሽ ብላት ግን እስክሪብቶውን አልሰጠችኝም።

እህትህ መይሙና
ጭሮ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

መስዑድ