የመጨረሻዋ ማዞሪያ

ለእህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃውን ስትወጪ አሁንም ግድግዳውን እየተደገፍሽ ነው ወይስ ትንሽ ቀለል ብሎሻል? ያ የመስኮትሽ መከለያ ነፋስ በመጣ ቁጥር ሲንኳኳ ያድራል ብለሽኝ፣ መጥቼ እሠራዋለሁ ብዬ እንደ ልማዴ ቀረሁ። ጎረቤትሽ ልብስ ሰፊዋስ ደህና ናት? እኔ ደህና ነኝ። ማለቴ ሰውነቴ ደህና ነው። እበላለሁ፣ እጠጣለሁ፣ የጥገና ሱቄን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ሌላው ሌላ ነው።

በእግር በሚደረስበት መንገድ እየኖርን ደብዳቤ መጻፌ እንደሚያስቅሽ አውቃለሁ። "ምን ሆነ ይሄ ልጅ፣ እግሩ ተሰበረ እንዴ?" ትያለሽ። እግሬ ደህና ነው። በምን ዓይኔ ልይሽ ብዬ ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ ደግሞ ታውቂኛለሽ፤ ቀልዴ ይቀድመኝና አስቄሽ ሾልኬ እወጣለሁ። ወረቀት ግን አይስቅልኝም። ስለዚህ ቁጭ ብለሽ አንብቢው፤ ቆመሽ አይሁን።

ነገሩ የጋሼ ማሽን ነው። ነፍሱን ይማርና፣ ላንቺ ባል ለእኔ ጋሼ የነበረው ሰው ትቶልሽ የሄደው ያ ዜማ እየደጋገመ የሚጫወተው ሲኩዌንሰር።

ስትልኪልኝ ያልሽኝን አልረሳሁትም። አልሰማሁም ብዬ በውሸት ላይ ውሸት አልጨምርም። "ያን እምምም የሚለውን ጉምጉምታ ብቻ አጥፋልኝ፤ ማዞሪያዎቹን ግን እንዳትነካብኝ፣ እሱ እዚያ ነው ያለው" ብለሽኛል። እኔም "ሙች፣ አልነካም" ብዬሻለሁ። በአንቺ ሞት፣ እናት ሆነሽ ባሳደግሽኝ በአንቺ፣ ምያለሁ።

ማሽኑን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። እንደ ዛሬዎቹ የሚያስታውስበት ጭንቅላት የለውም። አሥራ ስድስት ማዞሪያ ተደርድሮበታል፤ እያንዳንዷ በቆመችበት ልክ አንድ ድምፅ ትሰጣለች፤ መብራቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየሄደ ሁሉንም ይነካካና እንደገና ይጀምራል። ዜማው ማለት ማዞሪያዎቹ የቆሙበት ቦታ ነው፤ ሌላ የትም የለም። ጋሼን ቅዳው ስንለው "ገና ነው፣ ነገ እጨርሰዋለሁ" እያለ፣ በየቀኑ አንዷን ነካ እያደረገ፣ ያ ነገው ሳይመጣለት ሄደ። አንቺንም እባክሽ በስልክሽ ቅጂው ብልሽ "በስልክ ከቀዳሁትማ ማሽኑን ማን ያበራዋል?" አልሽኝ። እውነትሽን ነበር።

ማሽኑን ልጠግን የተነሳሁ ቀን ሱቄ ውስጥ ባለ ኮፍያው ነበር። ነግሬሻለሁ ስለሱ፤ ድምፅ የሚያስተጋባ ያረጀ የኢኮ ማሽን ከየሰው ዕቃ ቤት እየለቀመ የሚገዛው ሙዚቀኛ። ክሩ ተበልቶ ድምፁ የሚንቀጠቀጥ ኢኮ አምጥቶ "ጠግነው፣ ግን በደንብ እንዳትጠግነው" ይለኛል። ምን ማለትህ ነው ስለው "እርጅናውን እንዳታስለቅቀው" ይለኛል። ደሜ ፈላ። "ወንድሜ፣ እርጅና ከሆነ የፈለግኸው ታገሥ፣ ለራስህም ይመጣልሃል" አልኩት። እሱ ይስቃል፣ እኔ እበሽቃለሁ። እየበሸቅሁ የጋሼን ማሽን ወደ ራሴ ሳብኩት፤ ከዚያ ክዳኑን ልከፍት ስል እጄ ከግራ ጀምሮ አንድ በአንድ ሁሉንም ወደ ዜሮ መለሳቸው።

አዎ። ሁሉንም።

ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ማሽን ከመከፈቱ በፊት ማዞሪያው ሁሉ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ አለዚያ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ድንገት ይጮህና ስፒከርም ጆሮም ይበጥሳል። ይህን ያስተማረኝ ማን ነው? ራሱ ጋሼ! "አንተ ባታስበውም እጅህ ያስበው" እያለ፣ በመፍቻ እጀታ ጣቴን ቸብ ቸብ እያደረገ ነው ያስተማረኝ። ይኸው እጄ አሰበው። እኔ ነኝ ያላሰብኩት።

የመጨረሻዋ ላይ ስደርስ ነው የባነንኩት። ጣቴ ገና እላይዋ ላይ ነበረ፤ ግን ዞራለች። ባለ ኮፍያው እያወራ ነው። "ውጣ" አልኩት። "ምን አጠፋሁ?" አለኝ። "ምንም፣ ውጣልኝ ብቻ።" ምስኪን፣ ኢኮውን ጥሎ ወጣ።

ሰው ሲጨንቀው የማይሞክረው የለም። የጋሼን ኢኮም በዚያው ካርቶን ልከሽልኝ ነበር፤ ያ ክሩ እየዞረ የሰማውን የሚደጋግመው። ከመጨረሻው ጨዋታ ክሩ ላይ የቀረ ነገር ይኖራል ብዬ፣ ሲዞር እንዳያጠፋብኝ የማጥፊያውን ሽቦ ነቅዬ አዳመጥኩት። ነበረ! ግን አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ፣ ቤተሰብ ሁሉ በአንድ ክፍል ውስጥ እኩል እንደሚያወራ ሆኖ። ከዚያ ውስጥ የመጀመሪያዎቹን አምስት ድምፆች ለቅሜ አወጣሁ። እነዚያ አምስቱ የእሱ ናቸው፣ እምልልሻለሁ። መሐላዬን ከዚህ በኋላ ካመንሽው።

የቀሩትን ከራሴ ውስጥ ፈለግሁ። ስንቴ አንቺ ቤት ምሳ እየበላሁ ሰምቼዋለሁ! ግን የምሳው ጣዕም ይመጣልኛል እንጂ ዜማው አይመጣም። ሆዳም መሆኔን ያን ጊዜ አወቅሁ። ሱቁን ከውስጥ ቆልፌ ዋልኩ፤ ደንበኛ ያንኳኳል፣ እኔ የለሁም።

አሁን የምጽፍልሽን አንብበሽ ብታፍሪብኝ አልፈርድብሽም። ማዞሪያዎቹን ወደ ዜሮ ከመመለሴ ይልቅ የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው። ደስ አለኝ፣ እታለም። የጋሼን መፈለግ የትኛዋ ላይ እንደተውኩ አላውቅም፤ ብቻ "እንዲህ ነበረች ወይ?" ማለቴን ትቼ "እንዲህ ብትሆንስ?" ማለት ጀመርኩ። አንዷን ከፍ፣ ቀጣይዋን ዝም፣ ያችኛዋን መለስ። ብቻዬን እየሳቅሁ ነበር። የአንቺ ሐዘን ጠረጴዛዬ ላይ ተጋድሞ እኔ እጫወትበታለሁ! የመጨረሻዋን ዝቅ አደረግኳት። ከፍ ብላ ስትቀር ሰውን አንጠልጥላ ትተዋለች፤ ዝቅ ስትል ቁጭ ትላለች።

በሩን ስከፍት ባለ ኮፍያው ውጭ ቆሞ ሲሰማ ነበር ለካ። "ይሄ የማን ነው?" አለኝ፤ ያን ጊዜ አልሳቀም። "የጋሼ ነው" አልኩት። የመጀመሪያው ውሸቴ ይኸው ነው። ለማይመለከተው ሰው ዋሽቼ ስለማመድ፣ ለሚመለከተው መዋሸት ቀለለኝ።

ድሮ ልጅ ሆኜ አንድ ዜማ ሠርቼ ለጋሼ ያሰማሁት ቀን ትዝ ይልሻል? እስከ መጨረሻው ሰማኝ፣ ራሱን ነቀነቀና "ካንተ ጎበዝ ጠጋኝ ይወጣል" አለኝ። አንቺ ብርጭቆሽን አስቀመጥሽና ክፍሉን ጥለሽ ወጣሽ። ከዚያ ወዲህ የሰው ዕቃ እንጂ ለራሴ የሚሆን ድምፅ ነክቼ አላውቅም። አልተቀየምኩም እያልኩ ነው የኖርኩት። ጋሼ እንጀራ የሚሆነኝን ሙያ ሰጥቶኛል፣ ምን ያስቀይመኛል? አሁን ግን ራሴን እጠይቃለሁ፤ ሱቄ ውስጥ ማዞሪያዎቹን ወደ ዜሮ የመለሰው እጄ ነው ወይስ ሆዴ? እንጃ። እጄ ነው ብዬ ልጽፍልሽ ብዕሬን አነሳሁ፤ ግን እንጃ።

ከዚያ "አጥፍቻለሁ" ብዬ እግርሽ ላይ መውደቅ ሲገባኝ፣ ማሽኑን ወልውዬ፣ ታክሲ ላይ ጭኜ ይዤልሽ መጣሁ። ጉምጉምታው እንኳ በትክክል ጠፍቷል፤ ያስጮኸችው አንዲት የደረቀች የውስጥ ዕቃ፣ ካፓሲተር፣ ነበረች። ኮቴን ሳላወልቅ በሩ ሥር ቆምኩ። አበራሽው። ዓይንሽን ጨፍነሽ ሰማሽ። መብራቱ ይዞራል፣ እንደገና ይዞራል። ከዚያ ዓይንሽን ሳትገልጪ "ሁልጊዜ እለው ነበር፤ የመጨረሻዋን ዝቅ አድርጋት፣ እንዲህ ሆና አታርፍም፣ እኔንም አታሳርፈኝም። አንድ ቀን እሺ ብሎኝ አያውቅም። ይኸው ዐረፈች" አልሽ። ከዚያ ምሳ አቀረብሽልኝ።

እኔ ደግሞ ሐዘን ጆሮዋን ጋርዶባታል፣ ተረፍኩ ብዬ በላሁ። ጨምሪልኝ አልኩሽ እኮ!

ከዚያ ወዲህ በደወልሽ ቁጥር "እጅህ ይባረክ" ትይኛለሽ፤ እኔም በሰማሁ ቁጥር እጄን ኪሴ ውስጥ እከተዋለሁ። ልብስ ሰፊዋ መንገድ ላይ አግኝታኝ ማታ ማታ ዜማውን በግድግዳው በኩል እንደምትሰማው፣ እግሯም ሳታስበው በስፌት መኪናዋ ፔዳል ላይ አብሮት እንደሚሄድ አጫወተችኝ። "ነፍሱን ይማረው፣ ደግ ነገር ነው ትቶልን የሄደው" አለችኝ። አሜን አልኩ። ምን ልበል?

እስካሁን ዝም ያልኩት በእኔና በማሽኑ መካከል ይቀራል ብዬ ነው። አሁን ግን ሸክላ አሳታሚዋ መጣች። የጋሼን የድሮ ሥራዎች ሰብስባ በሸክላ ልታወጣ ቤትሽ መጥታ፣ አንቺም ይህን አብርተሽ አሰምተሻት፣ ቀድታው ሄዳለች። ማክሰኞ ደወለችልኝ። "ከሁሉ የሚበልጠው የመጨረሻው ነው፤ ከሌሎቹ ጋር አይመሳሰልም" አለችኝ። አይመሳሰልም! መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። የሸክላው መዝጊያ እሱ እንደሆነና የሚቀራት ሽፋኑ ላይ የሚጻፈው የሠሪው ስም ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። "ይሄ ምን ያስጠይቃል፣ የጋሼ ነዋ!" ብዬ ጮህኩባት። እሷ ረጋ ብላ "እኔም እንደዚያ ልጽፍ ነበር፤ እህትህ ናቸው የከለከሉኝ። የዚህን ስም ወንድሜን ጠይቂው፣ እስኪነግርሽ ባዶ ይቆይ አሉኝ" አለችኝ።

ኔትወርኩ አስቸገረኝ ብዬ ዘጋሁባት። ኔትወርኩ ምን አደረገ!

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራ እጄ ላይ አይቆምም። አንድ ነገር ያዞረኛል። ማዞሪያ በራሱ አይዞርም። ይህን ደግሞ አንቺ ታውቂያለሽ፤ አቧራውን በብሩሽ ስትጠርጊ እንዳይነካብሽ ትንፋሽሽን ትይዢ የነበርሽ ሴት ነሽ። እና "ይኸው ዐረፈች" ስትይኝ፣ ማን እንዳዞራት...

ልጠይቅሽ ነበር፤ ተውኩት። እዚህ ላይ የእኔ ድርሻ መናገር እንጂ መጠየቅ አይደለም።

እንግዲህ ስሚኝ። ጋሼን አጥፍቼብሻለሁ። አምስት ድምፅ አተረፍኩልሽ፤ የቀረው የእኔ ነው። የእሱን ከየትም አምጥቼ ልመልስልሽ አልችልም፤ ብችል ጣቴን ሰጥቼ አመጣው ነበር። ሸክላው ይቅር ካልሽ ይቅር። ማሽኑን ወደ ዜሮ ልመልሰው ካልሽም መልሺው፤ ያንቺ ነው፣ አልቀየምም። ይቅርታ አድርጊልኝ ለማለት አፌ ይከብደዋል፤ ቢከብደውም እላለሁ፤ ይቅር በይኝ፣ እታለም።

አሳታሚዋ ጋ ገና አልደወልኩም። ስሜን መጀመሪያ አንቺ ዘንድ መፈረም አለብኝ ብዬ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ያን ቀን፣ ጋሼ ያንን ሲለኝ፣ ብርጭቆሽን አስቀምጠሽ የወጣሽው በእኔ አፍረሽ ይመስለኝ ነበር። እስከ ማክሰኞ ድረስ። ለካ የተቆጣሽው በእሱ ኖሯል።

እሁድ መፍቻዬን ይዤ እመጣለሁ፣ የመስኮቱን መከለያ እሠራለሁ። በር ካልከፈትሽልኝ በውጭ በኩል ቆሜ እሠራዋለሁ። ፈጣሪ ደረጃሽን ያሳጥርልሽ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልሽ፤ ጉልበትሽን አጽንቶ፣ ያንን ጆሮሽንም ጠብቆ ያኑርልኝ።

የመጨረሻዋን ዝቅ ያደረግኳት፣
ወንድምሽ