ኮምፒውተርህን እንዳትዘጋው

ወንድሜ፣ ኮምፒውተርህን እንዳትዘጋው። ከተዘጋ ተመልሶ የሚነሳ አይመስለኝም።

ጠዋት ሲስተሙን፣ ሊኑክሱን ላድስልህ ብዬ ገባሁበት። አላስፈቀድኩህም። ዓመት ሙሉ «ቆይ፣ አሁን አይደለም» ስትል ስለከረምክ መልስህን አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ ጥሩ ሄደ፤ ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። መሃል ላይ ቆመ። የድምፅ መቁረጫ ፕሮግራምህ የሚደገፍበት አሮጌው ፋይል፣ ላይብረሪ የሚሉት፣ ከሌለ አልሠራም ይላል፤ አዲሱ ሲስተም ደግሞ አሮጌው ካልወጣ አልገባም ይላል። ላስታርቃቸው ስል የሚጠፉትን ዝርዝር አሳየኝ። ሳላነብ እሺ አልኩት። ፕሮግራምህ እዚያ ውስጥ ነበር።

መልሼ ልጭነው አራት ጊዜ ሞከርኩ። አሻፈረኝ አለ።

የእናትህ፣ የእማማ የድምፅ ቅጂዎች አልተነኩም። ፍላሽ ላይ ገልብጬ መሳቢያህ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ስድስት ወር ቁጭ ብለህ ያጠራኸውን ሥራ ግን የሚከፍተው የለም። ለቅዳሜው ሙት ዓመታቸው ይደርሳል ብዬ አልዋሽህም። እህቶችህ ጥሬውን ይስሙት፣ ከእማማ ሳል ጋር።

መሥሪያ ቤት አንዲት የምታውቅ ሴት አለች፣ እጠይቃታለሁ። ተስፋ አታድርግ።

ፍላሹ መሥራቱን ላረጋግጥ አንዱን ከፍቼ ሰማሁ። እማማ «ያ አብሮህ የሚኖረው ልጅ ተሻለው? ናፍቆኛል፣ ብቅ ይበል በለው» ይሉሃል። «እነግረዋለሁ» አልካቸው።

አልነገርከኝም።

ሆስፒታል ያልመጣሁት አሞኝ አልነበረም፤ እማማ እንደማይወዱኝ አስቤ ነው።