«ልጆቻችን ደርሰዋል»

ሰኞ፣ ኅዳር 3
እንደወትሮው የትርጉም ክፍሉ ውስጥ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ዋልኩ። ከድንበር ማዶ ያለው አገር ሬዲዮ ስለ ጥጥ ምርታቸው አወራ፣ ስለ አዲሱ ድልድያቸው፣ ከዚያ ስለ እኛ ክፋት… የእኛም ሬዲዮ ስለ እነሱ እንዲሁ። ሁለት ጎረቤታሞች አጥር ለአጥር ሲሰዳደቡ እየሰሙ መተርጎም። አሥራ አንድ ዓመት ሞላኝ።

ምሩቋ ዛሬም አዲስ ጫማ። የማዶዎቹን ቋንቋ ዩኒቨርሲቲ ተምራ ነው የመጣችው፤ እኔ ከእናቴ አፍ። ሥራውን ማን አሳያት? እኔ። አለቃችን መስኮት ሥር ያለውን ጠረጴዛ ለእሷ ሰጣት።

«ዓይኗን ያማታል» አለኝ።

የእኔ ዓይን የብረት ነው?

ሐሙስ፣ ኅዳር 6
ጠዋት መናኸሪያው ውስጥ ቦምብ ፈነዳ። ቢሮ ሆነን ሰማነው፣ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። ዘጠኝ ሰው ሞቷል። ቲኬት ቆራጯ፣ ተሸካሚዎች፣ አንዲት እናት ከነልጇ፣ ሁለት የማዶ ነጋዴዎች… የጽዳት ሠራተኛችን ወንድሟን ፍለጋ በነጠላ ጫማ ሮጠች። ተርፏል።

እስከ ምሳ ሰዓት ሁሉም «ማዶዎቹ ናቸው» ይል ነበር። እኔም ብያለሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 7
ዕረፍቴ ነበር። ተረኛዋ ምሩቋ። ከሰዓት በኋላ ሁለቴ ደወለች። አላነሳሁም። ምሩቅ አይደለች? ራሷ ትወጣው።

የአንድ ሰዓቱን ዜና ስከፍት ቴሌቪዥን ላይ እሷ! የማዶው ሚኒስትር በሬዲዮ ስለ ፍንዳታው ሲናገር «ልጆቻችን ደርሰዋል» ብሏል አሉ። ገዳዮቹን ልከው ግዳይ ጥለናል እያሉ ነው፣ መንግሥታቸው ራሱ አሸባሪ ነው ተባለ። እሷም ቃል በቃል አስረዳች። ፀጉሯን ተሠርታለች። መቼ ደረሰች?

ሰኞ፣ ኅዳር 10
ከላይ የምስጋና ደብዳቤ መጣላት። የክፍሉ አስተባባሪ ሆነች። ሦስት ጊዜ ያመለከትኩበት ቦታ። አለቃችን ስሟን ሲጠራ ሁሉም አጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ።

«እትዬ፣ እርስዎ ያስተማሩኝ ነው» አለችኝ፣ ጉንጬን ስማ። ዞር ስትል ጉንጬን ጠረግኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12
የሚኒስትሩን ንግግር ቅጂ አውጥቼ ሰማሁት። ለምን? ስህተት ፍለጋ። ማንም በማያነበው ደብተር ላይ መዋሸት ምን ይሠራል?

አገኘሁ።

የሰውየው ድምፅ ዝቅ ያለ ነው። ሊያለቅስ የደረሰ። «ልጆቻችን ደርሰዋል»… የእናቴ ወገኖች እንዲህ የሚሉት ሰው ሲሞት ነው። እኛ «አረፈ» እንደምንለው። እናቴ የሞተች ዕለት አጎቴ በር ላይ ቆሞ «እህቴ ደረሰች» ነበር ያለው። ሰውየው ስለ ሁለቱ ነጋዴዎቹ እያዘነ ነው። እኛ ፉከራ አደረግነው። ቦምቡን ማን እንዳፈነዳው አላውቅም፤ ይህ ቃል ግን ኑዛዜ አይደለም።

መጀመሪያ ምን ተሰማኝ? ደስታ። ይጻፍ።

ለማንም አልነገርኩም። ምሩቋ በሚቀጥለው ሐሙስ አምባሳደሮች ፊት ልታስረዳ ነው። ትውጣ፣ ከፍ ትበል። ያኔ እጄን አነሳለሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15
ድንበሩ ተዘጋ። ዲፕሎማቶቻቸው ሻንጣቸውን ይዘው ሲወጡ አሳዩን። የማዶው ሬዲዮ ደግሞ «ራሳቸው አፈንድተው በእኛ ያላክካሉ፣ አሸባሪዎቹ እነሱ ናቸው» ይላል። በሁለቱም በኩል ወታደር እየተጠጋ ነው።

አጎቴ ጋ ሄድኩ። የሰዓት መጠገኛ ሱቁ በር ላይ በቀይ ቀለም «ገዳይ» ተጽፏል። አርባ ዓመት የኖረበት ሰፈር። ቀለሙን በቤንዚን ያስለቅቃል።

«የእህቴ ልጅ፣ ሚኒስትሩ ምን አለ ነው የሚሉት?»

«ደርሰዋል አለ።»

እጁን ከበሩ ላይ አነሳ። «ለሟች የሚባለው?»

«አዎ።»

«ታዲያ መሥሪያ ቤትሽ አያውቅም?»

«እነግራቸዋለሁ።»

«መቼ?»

«ሐሙስ» አልኩት። እስከ ሐሙስ ለምን እንደምጠብቅ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ምን እለው ነበር?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 18
አጎቴን የፀጥታ ሰዎች ወሰዱት። ሚስቱ ደውላ ነገረችኝ። የሰው ሰዓት ፈትቶ በያዘበት፣ መነጽሩን እንኳ ሳያስቀምጥ።

ወደ አለቃችን ሮጥኩ። ሁሉንም ነገርኩት። ወንበሩ ላይ ተደገፈና አየኝ።

«አንቺ መቼ አወቅሽ?»

«ረቡዕ።»

«እና ዛሬ ማክሰኞ ነው። ዘመድሽ ሲታሰር ትዝ አለሽ?»

መልስ ሳይጠብቅ በሩን አሳየኝ።

«በልጅቷ እንደምትቀኚ ቢሮው ሁሉ ያውቃል። ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ።»

ስድብ ቢሆን በመለስኩለት። እውነት ሲሆን ምን ይባላል?

ሐሙስ፣ ኅዳር 20
ስብሰባው ሊጀመር ሲል ምሩቋን ኮሪደር ላይ ያዝኳት። አዳራሽ ውስጥ እጄን አነሳለሁ ያልኩት ሴትዮ፣ በሹክሹክታ። ነገርኳት። የእናቴን ቀብር፣ የአጎቴን ቃል። ፊቷ አመድ መሰለ።

«የዚያን ቀን ደውዬልዎ ነበር፣ እትዬ። ይህችኑ ቃል ልጠይቅዎት።»

«አይቻለሁ።»

«አይተው ነው ያላነሱት?»

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። ትጮኽብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ወረቀቷን አጥፋ ገባች።

ከኋላ ቆሜ ሰማሁ። ያን ሁሉ አምባሳደር ፊት ለፊት እያየች «ስተረጉም ተሳስቻለሁ» አለች። «ሚኒስትሩ ስለ ሟቾቻቸው ነበር የተናገሩት። ኃላፊነቱ የእኔ ነው።» የእኔን ስም አላነሳችም። ስልኩንም። አለቃችን ማይክራፎኑን ዘጋባት።

ዓርብ፣ ኅዳር 21
ዜናው ስለ ትናንቱ አንድ ቃል አልተነፈሰም። «ሌላም ማስረጃ አለን» ተባለ። ምሩቋ ምድር ቤት፣ መዝገብ ክፍል ተመድባለች። ሰው ኮሪደር ላይ ሲያያት መንገድ ይቀይራል። እኔስ? ሰላም አልኳት። በቃ፣ ይህንኑ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 27
እስር ቤት አጎቴን እንድጠይቅ ፈቀዱልኝ። ከስቷል። በመካከላችን የሽቦ ወንፊት አለ።

«ነገርሻቸው?»

«ነገርኳቸው። ዘግይቼ።»

ለምን ብሎ አልጠየቀም። ራሴ ነገርኩት። ቅናቱን፣ ሐሙስን መጠበቄን፣ ሁሉን። ጣቶቹን እያየ አዳመጠኝ።

«እናትሽ ይህን ባለመስማቷ ደስ ይለኛል» አለ። መነጽሩን አውልቆ እያሳየኝ ደግሞ «በሚቀጥለው ስትመጪ መነጽር አምጪልኝ፤ ይሄኛው ተሰብሯል።»

ድጋሚ ነይ ማለቱ ነው?

ዓርብ፣ ኅዳር 28
አለቃችን አስጠራኝ። በር ዘጋ። አስተባባሪነቱ የእኔ ሆነ አለኝ። አንድ ወረቀት ላይ ብቻ መፈረም፦ «የመጀመሪያው ትርጉም ትክክል መሆኑን በሙያዬ አረጋግጣለሁ»። ቋንቋውን ከእናቴ የወሰድኩ ስለሆንኩ የእኔ ፊርማ ይበልጥ ይታመናል። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅኩት ቃል፣ በዚህ ወረቀት ላይ።

አሁንም እቀናባታለሁ። ምንም አልበረደልኝም። እኔ ስድስት ቀን ሙሉ በሆዴ ይዤው የዞርኩትን፣ ከኮሪደር እስከ አዳራሽ ባለው እርምጃ ጨረሰችው። እንዴት ቻለችበት?

እስክሪብቶውን ተቀበልኩና ወረቀቱን ገለበጥኩ። በጀርባው ጻፍኩ፦ «ቃሉ ለሟች የሚባል ነው። ኅዳር 12 አውቄ እስከ ኅዳር 18 ዝም ብያለሁ። ምክንያቴ ቅናት ነበር።» ፈረምኩ።

«ይሄ ምን ይጠቅምሻል?» አለኝ።

«ከአጎቴ መዝገብ ጋር ይያያዝልኝ።»

ቀደደው። ጠብቄው ነበር፤ ይህንኑ ቃል ትናንት ማታ ለአጎቴ ጠበቃ ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤዋለሁ። የመግቢያ ካርዴን ለጥበቃው አስረከብኩ። ምድር ቤት ወርጄ ለምሩቋ ነገርኳት። ብዙ አላወራንም። ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ጠበቃው ቢሮ በር ላይ እንገናኛለን። ቃላችንን አብረን እንሰጣለን።