ዘይቱ መቼ ይቀየር?

ጥቅምት 6

ዛሬም ያው። ጠዋት ፋርማሲ፣ ከምሳ በኋላ ባለቤቴን ፊዚዮቴራፒ ማድረስ፣ እስኪጨርስ መኪና ውስጥ መጠበቅ፣ መልሶ ቤት። እግሬ አብጧል። ቀኑን ሙሉ ቆሜ መድኃኒት ሳድል እውላለሁ፣ ተቀመጥኩ ስል ደግሞ መሪ ይዣለሁ።

መንገድ ላይ ያው ወሬ ተነሳ።

«ዘይቱን መቼ ነው የምታስቀይሪው?»

«ገና ነው። ጊዜው ሲደርስ መኪናው ራሱ ይናገራል።»

«መኪና ደግሞ ምን አፍ አለው?»

ስክሪኑን ነካ አድርጌ አሳየሁት። «የዘይት ዕድሜ፦ 61 በመቶ» ይላል። አየት አደረገና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ለእሱ የሞተር ዘይት በየሦስት ሺህ ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል፣ አለቀ ደቀቀ። የመታው ስትሮክ ቀኝ እጁን አሰነፈው፣ ምላሱንም ትንሽ አከበደው። ይቺን እምነቱን ግን ንክች አላደረጋትም። አሮጌዋን መኪና ሸጠን ይቺን አውቶማቲክ የገዛነው እኔ እንድነዳ ነው። አዲስ ናት ማለት ይቻላል። እሱ ግን እስካሁን «መኪናሽ» ነው የሚላት።

ጥቅምት 9

ዛሬ ስለ ዘይት አላነሳም። ዝም ሲል ደግሞ ይብስብኛል… ምን እያሰበ ይሆን?

ጥቅምት 14

ልጃችን ደወለች። እሷ ያለችው ሌላ ከተማ ነው፣ እርግዝናዋ ገና ቢሆንም ከብዷታል፣ ድምፅዋ ያስታውቃል። እጄ ሊጥ ስለነበር ስልኩን ጮክ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። እንዴት ናችሁ ስትል የዘይቱን ነገር ዘረገፍኩላት። ለማን ልናገር ሌላ?

«እማዬ፣ የዛሬ ዘይት እኮ ሲንቴቲክ ነው። ብዙ ይቆያል። አባዬ የሚያወራው ስለ ድሮ መኪና ነው፣ አትስሚው።»

እሱ በሩ ላይ ቆሟል። መቼ መጣ? ሰምቷል።

ሻዩን ይዞ ተቀመጠና በግራ እጁ ሲያማስል፣ ሲያማስል… ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። ሳይጠጣው ተነሳ።

ጥቅምት 15

ይቅርታ ልበለው እንዴ? ምን አጠፋሁ? ልጅቷ ናት የተናገረችው። ደግሞስ ውሸት ነው?

ደክሞኛል። ነገ።

ጥቅምት 21

ከሥራ ስገባ ፀጉሩ እርጥብ ነው፣ ልብሱን ቀይሯል። ሸሚዙ ባልዲ ውስጥ ተዘፍዝፏል። እሱ? ሸሚዝ ሲዘፈዝፍ? ከተጋባን ጀምሮ አንድ ካልሲ አጥቦ የማያውቅ ሰው!

ክርኑ ተልጧል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«መታጠቢያ ቤት አዳለጠኝ።»

ራሱን መትቶት ቢሆንስ? ወድቆ ማንም ሳይሰማው ቢውልስ? ቁስሉን ሳጥብለት ዓይኔን አላይ አለ። ነገ የማያንሸራትት ምንጣፍ እገዛለሁ። ቀን ቀን አብሮት የሚሆን ሰው መፈለግ ሊኖርብኝ ነው… እሱ ደግሞ «ሞግዚት ልትቀጥሪልኝ ነው?» ይላል። አሁን ከማን ጋር ልጣላ፣ በየትኛው ጉልበቴ?

ጥቅምት 24

ወደ ፊዚዮቴራፒ እየሄድን ነበር። አደባባዩን ስዞር ቀይ መብራት ብልጭ አለ። ጀበና የምትመስል ትንሽ ሥዕል፣ ጫፏ ላይ ጠብታ ያላት። ጠፋች። ቀጥ ስል የለችም። ለሁለተኛ ጊዜ ስታጠፍ መጣች፣ ቀረች።

ቀጠሮው አልፎብናል፣ ሕንፃው እዚያ ማዶ ይታየኛል። እስከዚያ ላድርሰውና ከዚያ አያለሁ አልኩ በሆዴ።

«አጥፊው!»

ደነገጥኩ።

«ዳር ያዢና አጥፊው! አሁኑኑ!»

ከታመመ ጀምሮ ቃሉ እየተንጠባጠበ ነበር የሚወጣው። ይሄኛው ሙሉ ነበር። የድሮ ድምፁ። ዳር ያዝኩና አጠፋሁ። ከኋላዬ አንዱ ጥሩምባውን ለቀቀብኝ፣ ሌላው በመስኮት ሰደበኝ… ይሳደብ።

ኮፈኑን ከፈትኩ። እሱ በምርኩዙ ተደግፎ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አሳየኝ፣ «ሳቢው፣ ጥረጊው፣ መልሰሽ ክተቺውና እንደገና ሳቢው።» ሳብኩት። ጫፉ ላይ ብቻ ትንሽ እርጥበት። ከዚያ በላይ ደረቅ ብረት።

ስክሪኑ አሁንም «55 በመቶ» ይላል! ውሸታም!

«ይኸው፣ አላልኩሽም?» እስኪለኝ ጠበቅኩ። አላለም። ፊቱ አመድ መስሏል፣ ወደ መሬት ነበር የሚያየው። የድንጋጤ ነው ብዬ ውኃ ሰጠሁት።

መኪናዋ ተጎትታ ጋራዥ ገባች። ቀጠሮው ቀረ። በታክሲ ተመለስን።

ጥቅምት 25

ከፋርማሲ አስፈቅጄ ብቻዬን ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩን ሰፈሩ ሁሉ «ሳቂታው» ነው የሚለው፤ ዛሬ ግን አልሳቀም።

«እትዬ፣ ስክሪኑ አልዋሸም» አለኝ። «እሱ የሚቆጥረው የዘይቱን ዕድሜ ነው። ስንት እንደተነዳ፣ ሞተሩ ምን ያህል እንደሞቀ፣ እንደሱ። ምን ያህል ዘይት እንዳለ ግን አያይም። የእርስዎ መኪና መጠኑን የሚያሳይ ነገር የላትም፣ መለኪያውን እየሳቡ ማየት ነው።»

«ታዲያ ዘይቱ የት ሄደ?»

ከመኪናዋ ሥር አስጎነበሰኝ። ማፍሰሻው ላይ ያለውን ቡሎን በባትሪ አበራልኝ።

«ይሄን ማን ነካው? ጠርዙ ተበልቷል። በደንብ አልጠበቀም፣ ስትነዱት እየላላ አፈሰሰ። ሌላ ጋራዥ ወስደዋት ነበር?»

ሸሚዙ። ክርኑ። የዘፈዘፈበት ባልዲ… ሁሉም አንድ ላይ መጣብኝ።

«አዎ» አልኩ። «አንድ ቦታ… ወስጃት ነበር።»

ለምን ዋሸሁ? እንጃ። ሰው ፊት ስሙ እንዳይነሳ ነው መሰለኝ።

«እነሱ ጋ ሁለተኛ እንዳይሄዱ» አለ ሳቂታው። «ደግነቱ ቶሎ አጥፍታችኋል። ትንሽ ብትነዷት ኖሮ ሞተሩ ደህና ሰንብት ነበር።»

ቡሎኑን ቀየረ፣ ዘይቱንና ፊልትሮውን በአዲስ ተካ። ሞተሩን አስነስቶ ብዙ አዳመጠ። ደህና ነው አለ።

ነድቼ ስመለስ ተናደድኩ። መጀመሪያ አልተናደድኩም፣ መንገድ ላይ ነው የመጣብኝ። አደባባዩ መሃል ሞተሩ ቀጥ ቢል፣ ከኋላ የጭነት መኪና ቢመጣ? ለዘይት ብሎ? ለዘይት!

ጥቅምት 26

ግቢ ውስጥ መኪናዋ የምትቆምበት ቦታ ላይ ካርቶን ተነጥፏል። ስንት ቀን በአጠገቡ አልፌ አላየሁትም? ጠዋት ስሮጥ ማታ ስጎተት፣ ምኑን አያለሁ? አነሳሁት። ሥሩ ጥቁር፣ አሸዋ ተነስንሶበታል።

መልሼ አስቀመጥኩት።

ምን ብዬ ልጀምር? «ልትገድለን ነበር» ልበል? «ያዳንከንም አንተ ነህ» ልበል? ሁለቱም እውነት ነው። ምሳ አቀረብኩለት፣ «ብላ» አልኩት።

ጥቅምት 28

ልብስ እያጣጠፍኩ ነበር። መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ምኑ?» አልኩት እያወቅኩ።

«ቡሎኑን የፈታሁት።»

እሱ ቀስ እያለ፣ ቃል እየፈለገ ነገረኝ። ክርኑ በተላጠበት ዕለት እኔ ሥራ የሄድኩት በታክሲ ነበር፣ መኪናዋ ቤት ነበረች። የፊት ጎማዋን ግቢው እርከን ላይ አውጥቼ አቁሜያት ነበር፣ ከሥሯ መግባት አላቃተውም። ካርቶን አንጥፎ ተኛ። የድሮ መፍቻውን አምጥቷል።

«ቀይሬው ልጠብቅሽ ነበር ያሰብኩት። ስትመጪ ‹ተቀይሯል› ልልሽ። ፈታሁት፣ ዘይቱ መጣ። ሳህኑን በግራዬ፣ ቡሎኑን በዚህኛው ልይዝ… ይሄኛው እንቢ አለኝ። ፊቴ ላይ ፈሰሰ። መልሼ ዘጋሁት። የጠበቀ መስሎኝ ነበር። እውነቴን ነው፣ የጠበቀ መስሎኝ ነበር።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? ቡሎን ማጥበቅ አቃተኝ ብዬ?»

እዚህ ላይ ማዘን ነበረብኝ። አላዘንኩም። ጮህኩበት። «እኔም ደክሞኛል!» አልኩት። «ያንተን መድኃኒት፣ ያንተን ቀጠሮ፣ ቤቱን፣ መኪናውን፣ ሁሉንም በጭንቅላቴ ተሸክሜ ነው የምዞረው። መውደቅህን ሰምቼ ሌሊቱን ሙሉ እስትንፋስህን ሳዳምጥ አደርኩ። አንተ ግን ውሸት ጨመርክልኝ!»

አንገቱን ደፋ።

«ሁሉን ነገር አንቺ ያዝሽው። የያዝሽው እኔ ስለጣልኩት ነው፣ አውቃለሁ። ስለ ዘይቱ መጠየቅ ብቻ ነበር የቀረኝ። እሱንም ልጄ ‹አትስሚው› አለችሽ።»

ከዚያ ከክምሩ ውስጥ አንድ ካልሲ አነሳ። ጓደኛውን ፈልጎ በግራ እጁና በጉልበቱ ሊያጣምረው ታገለ። አላገዝኩትም። ቆየ እንጂ አጣመረው። ሌላ አነሳ።

ኅዳር 2

ከመኪናዋ ጋር የመጣውን መጽሐፍ አወጣን። እኔ አነበብኩ፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ።

በደህና መንገድ የምትነዳ ከሆነ አስር ሺህ ኪሎ ሜትር ወይም አንድ ዓመት፣ ከሁለቱ የቀደመው። «አየህ!» አልኩት። ገጹን ሳገላብጥ ግን ሌላ አለ። አጭር አጭር መንገድ የምትመላለስ፣ ሞተሯ ሳይሞቅ የምትጠፋ፣ አቧራ የበዛበት የምትነዳ፣ ቆማ ሞተሯ እየሠራ የምትጠብቅ ከሆነ በግማሹ ይቀየር ይላል።

ፋርማሲ፣ ቤት፣ ፊዚዮቴራፒ። ቆሜ ስጠብቀው ደግሞ ለሙቀቱ ብዬ ሞተሩን አላጠፋም። እኛኑ ነው የጻፉት!

«አላልኩሽም?» አለ፣ አሁን ገና።

«አንተ ያልከው ሦስት ሺህ ነው።»

«አንቺ ያልሽው ስክሪኑን ነው።»

ሳቅን። ስንት ጊዜያችን ነው አብረን ከሳቅን?

ደንበኞቼን ሁልጊዜ እላቸዋለሁ፦ መድኃኒቱ ላይ የተጻፈው ቀን ቢቀረውም ፀሐይ ላይ ካስቀመጣችሁት ቀድሞ ይበላሻል። ዘይትም ያው መሆኑ እንዴት አልታየኝም?

ተስማማን። አምስት ሺህ ወይም ስድስት ወር፣ የቀደመው። ስክሪኑ ከዚያ በፊት ከጠየቀ እሱን እንሰማለን። ስጠብቀው ሞተሩን አጠፋለሁ። መለኪያውን በየቅዳሜው እኔ እስባለሁ፣ እሱ ያያል። ከመኪናዋ ሥር ግን ማንም አይገባም። «ማንም» ስል በደንብ አየሁት። ራሱን ነቀነቀ።

ኅዳር 9

ልጃችን ደወለች፣ መኪናው ምን ሆኖ ነበር አለች። «ጋራዥ ውስጥ…» ብዬ ልጀምር ስል ስልኩን ከእጄ ወሰደው።

«እኔ ነኝ የፈታሁት» አላት።

ከዚያ፦ «አባዬ… በአንድ እጅህ?»

«በአንድ ተኩል።»

ሳቋ እኔ ድረስ ተሰማ። ከዚያ ማልቀሷም ተሰማ። «እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም» ስትለው፣ «ተዪው፣ ስለ ሲንቴቲኩ ልክ ነሽ» አላት።

ታኅሣሥ 14

ቅዳሜ። ብርድ። ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኝ ኮፈኑን እየተነጫነጭኩ ከፈትኩ። እሱ መነጽሩን አድርጎ መለኪያውን ወደ ብርሃን አዙሮ አየ፣ አየ። «ምንም አልጎደለም» አለ። ደግሞ «መኪናችን ደህና ናት» አለ።

የካቲት 20

ጉንፋን። ሦስት ቀን ተኛሁ። ፊዚዮቴራፒ በታክሲ ብቻውን ሄዶ ብቻውን ተመለሰ። እኔም አልሞትኩ፣ እሱም አልጠፋም። መድኃኒቱን የሚውጥበትን ሰዓትም ከዛሬ ጀምሮ ራሱ እንደሚይዝ ነገረኝ። እሺ አልኩት። ከአልጋዬ ሆኜ አላረጋገጥኩም… አንዴ ብቻ።

ሚያዝያ 19

ልጃችን ወለደች! ሴት። ሁለቱም ደህና ናቸው። ይኸው እነሱ ቤት ሆኜ ነው የምጽፈው።

ትናንት ስንነሳ አንድ ጥያቄ ነበር። ስድስት ወሩ ሊሞላ ጥቂት ቀን ቀርቶታል፣ አምስት ሺው ግን ገና ነው። ስክሪኑም አልጠየቀም። ከረጅም መንገድ በፊት እናስቀይረው ወይስ ስንመለስ? ይሄኔ ጋራዥ እንሂድ ይላል ብዬ ጠበቅኩ።

«ምን ይሻላል ትያለሽ?» አለኝ።

እኔን! ስለ መኪና!

አሰብኩ። ጥሩ አስፋልት ነው፣ ሞተሩ በደንብ ሞቆ ይሄዳል፣ መቆም መነሳት የለበትም። ለዘይቱ ከከተማው ምልልስ ይሄ ይቀለዋል። መጠኑም ሙሉ ነው። «ስንመለስ እናስቀይረዋለን» አልኩት። «በማግስቱ።»

«እንግዲያው ስንመለስ። የምትነጃት አንቺ ነሽ፣ አንቺ ታውቂያታለሽ።»

ከተማውን እንደወጣን ወንበሩን ወደ ኋላ ለቀቅ አደረገና እንቅልፍ ወሰደው። ሾፌር አጠገቡ ሲነዳ የማይተኛ ሰው ነው እኮ፣ ባልደረቦቹ ይስቁበት ነበር። ተራራው ላይ ሁለት የጭነት መኪና ቀደምኩ፣ አልነቃም። ዝናብ መጣ፣ አልነቃም።

በሩ ላይ ስደርስ ትከሻውን ነካ አደረግኩት።

አሁን ሕፃኗን በግራ ክንዱ ታቅፎ፣ ቀኙን ከሥሯ ደግፎ ተቀምጧል። ልጃችን «እማዬ፣ ጋደም በይ» ትለኛለች። ደክሞኛል፣ ወገቤ ተቆርጧል። የመንገድ ድካም ነው፣ እንቅልፍ ይበቃዋል።